ቆቃን ለአንድ ቀን፦ ከሁሉ በፊት የውኃውን ልክ እወቁ

ቆቃ ሐይቅ የሚያምረው በመስከረም ማብቂያና በጥቅምት ነው። ያን ጊዜ አይቶት የወደደ ሰው በግንቦት ተመልሶ ቢሄድ የቆመበትን ዳርቻ አያገኘውም። ውኃ የነበረበት ሜዳ ላይ ከብት ይግጣል፣ ከፊሉ ታርሶ ሽንኩርትና ቲማቲም ወጥቶበታል፣ ውኃው ደግሞ ከሩቅ ይብለጨለጫል። መኪናውን ይዞ ወደዚያ ብልጭታ በቀጥታ የሚነዳ ሰው ነው ቀኑን ጭቃ ውስጥ የሚያሳልፈው።

ስለዚህ ከምሳውም ከካሜራውም በፊት መታወቅ ያለበት ውኃው በዚያ ወር የት እንደሚሆን ነው። ሐይቅ እያልን ብንጠራውም ግድብ ያቆመው ውኃ ነው፤ ከፍና ዝቅ የሚለውም ለኤሌክትሪክና ለመስኖ ሲለቀቅና ሲያዝ ነው። ጉማሬው የሚወጣበት መንገድ፣ የሚገኘው ዓሣ፣ የወባ ትንኙ ብዛት፣ የምታዩት ወፍ ሁሉ ከዚህ መጠን ጋር ይሄዳል።

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ የበቾን ሜዳ አቋርጦ፣ በመልካ ቁንጡሬ አልፎ፣ በሆምቦሌ በኩል ወደ ቆቃ ይገባል። ከሰሜን የሞጆ ወንዝ ይቀላቀላል። ግድቡ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ጀመረ። ሦስቱ ተርባይኖች አንድ ላይ 43 ሜጋ ዋት ገደማ ያመነጫሉ። ከነሱ የወጣው ውኃ የወንጂን ሸንኮራ ያጠጣል፣ ዝቅ ብሎም አዋሽ ሁለትንና አዋሽ ሦስትን ያንቀሳቅሳል። ክረምት ያጠራቀመውን በጋ ይበላዋል፦ ከሐምሌ ጀምሮ ይሞላል፣ በጥቅምት ጢም ብሎ ይቆያል፣ ከዚያ በየወሩ እየጎደለ በግንቦትና በሰኔ መግቢያ ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል። በዝናብ ከፍና ዝቅ የሚል ዓመት አለ፣ ቅደም ተከተሉ ግን ይኸው ነው።

ሁለቱ ወንዞች ከደጋው የሚያመጡት ደለል ግድቡ ሲሠራ ከነበረው የመያዝ አቅም ሲሶ ያህሉን በልቶበታል። ደለሉ በብዛት የሚተኛው ወንዞቹ በሚገቡበት በኩል ስለሆነ ያ ወገን ለጥ ያለ ነው፤ ውኃው አንድ ሜትር ሲወርድ ዳርቻው በመቶ ሜትሮች ይሸሻል። ግድቡ ባለበት በምሥራቅ በኩል ደግሞ ሸለቆው ጠበብ፣ ገደሉ ቀጥ ይላል፤ ውኃው ቢጎድልም ዳርቻው ብዙ አይርቅም። በበጋ ማብቂያ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ልዩነት አስቡበት።

በእኔ ግምት ለአንድ ቀን ጉዞ ምርጡ ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ነው። ውኃው ገና ቅርብ ነው፣ መንገዱ ደርቋል፣ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ወፎች ገብተዋል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሙቀቱና አቧራው ይበረታል፣ ግን ውኃው ሲሸሽ ወፎቹ ጥልቀት በሌለው ዳር ስለሚሰበሰቡ ለወፍ ተመልካች ጥሩ ነው። በሐምሌና በነሐሴ አልመክርም። ጥቁሩ አፈር ያጣብቃል፣ ውኃውም እንደ ሻይ በወተት ይደፈርሳል።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ ቆቃ ከተማ ድረስ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቱሉ ዲምቱ የፍጥነት መንገዱን ይዛችሁ ሞጆ ላይ ትወጣላችሁ። ከዚያ ወደ ባቱ የሚወስደው አዲሱ የክፍያ መንገድ አለ፣ ለዚህ ጉዞ ግን አይሆንም፤ እንደልብ የሚቆምበት ቦታ የለውም። አሮጌውን የሞጆ–ቆቃ–ዓለም ጤና–መቂ መንገድ ያዙ። ከባድ መኪና ይበዛበታል፣ አህያና ጋሪም በድንገት ይገባል፣ ስለዚህ ጊዜ ጨምሩበት። ጠዋት 12 ሰዓት የተነሳ ሰው 2 ሰዓት ላይ ዳርቻው ላይ ነው።

መኪና የሌለው ከቃሊቲ መናኸሪያ እስከ ሞጆ፣ ከሞጆ ደግሞ ወደ መቂ በሚሄድ ሚኒባስ ቆቃ ላይ ይወርዳል። ከቆቃ እስከ ውኃው ባጃጅ ወይም ሞተር ትይዛላችሁ፤ ዋጋውን ለደርሶ መልስ ተነጋገሩ፣ የሚመለስበትንም ሰዓት ቁረጡ። ከ11 ሰዓት በኋላ ከዳርቻው የሚመልስ ማግኘት ከባድ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት በዚያ ሳምንት መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሞጆ መቂ የሚመላለስ ሾፌር ጠይቁ። ሾፌሮቹ ከማንም ቀድመው ያውቃሉ።

ግድቡን ራሱን ማየት የፈለገ ከአዳማ ወገን ይገባል። የኃይል ማመንጫው ጥበቃ አለው። ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ጥበቃውን ጠይቁ፣ አይቻልም ካለ አትከራከሩ። ድሮን ያለ ፈቃድ ማስነሳት ክልክል ነው፣ ቤት ተዉት።

ጭቃው

ውኃው የለቀቀው መሬት ከላይ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ይታያል፣ ከሥሩ ግን ገና ሊጥ ነው። ሰው የሚሸከም ቅርፊት መኪና አይሸከምም። ስንጥቁ ሰፊና ጥልቅ ከሆነ፣ ጠርዙም ወደ ላይ ከተቀለበሰ መሬቱ ከርሞ ደርቋል ማለት ነው። ስንጥቁ ቀጭን ከሆነና ቀለሙ ከጠቆረ አትግቡ። አውራ ጣት የሚያህል በትር ይዛችሁ ውጉት፤ ያለ ጉልበት አንድ ስንዝር ከገባ መኪናውን እዚያው አቁሙና በእግር ሂዱ። በእግር ስትሄዱም የከብቱን መንገድ ተከተሉ። ከብት በየቀኑ የሚረግጠው መሬት ጠጥሯል፣ የሚያዘቅጠውንም እረኛው ለይቶ ያውቀዋል።

መኪና ከተያዘ ነዳጅ መርገጥ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ጎማው በዞረ ቁጥር ይቆፍራል፣ ሻንሲው መሬት ከነካ በኋላ ያለ ትራክተር አይወጣም። መጀመሪያ ሰው ይውረድ፣ ዕቃም ይውረድ። የሚገፉትን ጎማዎች ነፋስ ወደ 16 ወይም 18 ፒ.ኤስ.አይ. አውርዱ፤ ጎማው ሲለጠጥ የሚረግጠው ስፋት ይጨምራል። ከጎማዎቹ ኋላ ያለውን ጭቃ በአካፋ ዝቁና ቅርንጫፍ ወይም የመኪናውን ምንጣፍ አንጥፉበት፣ ከዚያ በገባችሁበት ዱካ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ውጡ። ወደ ፊት መሞከር የባሰውን ጭቃ መፈለግ ነው። ክሪክ ለማቆም ከሥሩ የሚገባ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ክሪኩ ራሱ ይሰጥማል። ነፋሱን የምትመልሱበት ፓምፕ ካልያዛችሁ ጎማውን አታራግፉት፤ በዚያ ነፋስ አስፋልት ላይ መንዳት ጎማውን ይገድለዋል።

የሸሸው ውኃ የለቀቀው ሜዳ ባዶ መሬት አይደለም። ገበሬው በእርጥበቱ የሚያለማው ማሳ ነው፣ ችግኙም ገና ከመሬት ሲነሳ ከርቀት አይታይም። ለመቀመጫ ምንጣፍ ከማንጠፋችሁ በፊት አጠገብ ያለውን ሰው አስፈቅዱ። አካባቢው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፤ «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ መስጠት በር ይከፍታል። ሁለት ቃል ደግሞ ለደኅንነታችሁ ያዙ፦ «ሮቢ» ጉማሬ ነው፣ «ናጫ» አዞ ነው። አንዱን ጮክ ብሎ ሲጠራ ከሰማችሁ ምን እንደሆነ ለማየት ወደ ውኃው አትጠጉ፣ ወደ ኋላ ሂዱ።

ጉማሬና አዞ

ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ይውላል፣ ማታ ወጥቶ ሣር ይግጣል። የሚያጠቃውም አብዛኛውን ጊዜ በእሱና በውኃው መካከል የቆመ ሰው ሲያገኝ ነው። ወደ ውኃው የሚወርድ፣ መሐሉ ጉብ ያለ፣ ግራና ቀኙ የተቦረቦረ መንገድ ካያችሁ የጉማሬ መውጫ ነው፤ እዚያ ላይ አትቀመጡ። ማለዳም አመሻሽም ከረጅም ሣርና ከደንገል አጠገብ ራቁ። ውኃ ውስጥ ሆኖ አፉን በሰፊው ሲከፍት እንቅልፍ አልመጣበትም፣ «ቀርባችኋል» እያለ ነው። 50 ሜትር ትንሹ ርቀት ነው፣ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ እጥፍ አድርጉት። ውኃው ሲጎድል ጉማሬዎቹ በቀሩት ጥልቅ ቦታዎች ይጠጋጋሉ፣ ግጦሹም ስለሚርቅ ብዙ መንገድ ይሄዳሉ። በግንቦት ከውኃው ርቄያለሁ ብላችሁ የምትቀመጡበት ቦታ መተላለፊያቸው ሊሆን ይችላል።

አዞው አይታይም፣ ችግሩም እሱ ነው። እጅ ለመታጠብ፣ ጫማ ለማለቅለቅ፣ ጀሪካን ለመሙላት ዳሩ ላይ አጎንብሶ መቀመጥ አይገባም። የአካባቢው ሰው ይህን ሲያደርግ ብታዩ ቦታውን ለይቶ ስለሚያውቅ ነው።

ውኃው ራሱ

አይጠጣም፣ አይዋኙበትም። የሞጆ ወንዝ የከተማውንና የቆዳ ማልፊያዎችን ፍሳሽ ይዞ ይገባል፣ ከዙሪያው እርሻ ደግሞ ማዳበሪያ ታጥቦ ይገባል። ይህን ምግብ አግኝቶ ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ደቂቅ ተሕዋስ ይራባል። ውኃው ላይ የተደፋ አረንጓዴ ቀለም መስሎ ከታያችሁ እሱ ነው። የሚያመነጨው መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ ውኃውን ማፍላት መርዙን አያጠፋውም። እንዲያውም ሲፈላ ሴሎቹ ስለሚፈነዱ ውስጣቸው የነበረው መርዝ ወደ ውኃው ይወጣል። ተራ የውኃ ማጣሪያ ጨርቅም ሆነ ውኃ አጋር የሚባለው ክሎሪን አይመልሱትም። ነፋስ አረንጓዴውን ንብርብር እየገፋ አንድ ዳር ላይ ስለሚያከማቸው ነፋሱ ወደሚነፍስበት ዳር አትቀመጡ፤ ነፋሱ ከጀርባችሁ ተነስቶ ወደ ውኃው የሚሄድበትን ምረጡ። ሽታውም ከዚያ ያነሰ ነው። ውሻ ይዛችሁ ከሆነ በገመድ ያዙት፣ ከዳሩ እንዳይልስ።

ለአንድ ሰው ለመጠጥ ብቻ 3 ሊትር ውኃ ከቤት ያዙ። ለእጅና ለዕቃ ማጠቢያ ሌላ 5 ሊትር ለቡድኑ ይበቃል።

እምቦጩም እዚህ የቆየ ነው፤ በአገራችን መጀመሪያ ከተመዘገበባቸው ቦታዎች አንዱ ቆቃ ሲሆን ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1965 ነበር። ሐምራዊ አበባው ለፎቶ ያምራል፣ ነገር ግን ነቅላችሁ ወደ ቤት አትውሰዱት፣ ሌላ ውኃ ውስጥም አትጣሉት። ከጀልባ፣ ከመረብና ከጫማ ላይ የቀረ ቁራጭ እንኳን ሌላ ኩሬ ይዞ መሙላት ይችላል።

ጀልባ ላይ የምትወጡ ከሆነ በጠዋት ውጡ። ስምጥ ሸለቆው ከሰዓት በኋላ ነፋስ ያነሳል፣ ሰፊው ክፍል ላይ ማዕበሉ ትንሽ ጀልባ ይሞላል። የሕይወት አድን ጃኬት ከሌለ አትውጡ፤ ዋና መቻል እምቦጭና መረብ ባለበት ውኃ ብዙ አያድንም።

ዓሣው

ቆቃ የሚጠመዱት ዋናዎቹ አራት ናቸው፦ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ካርፕና ቢልጫ። አብዛኛው ሰው የሚፈልገው ቆሮሶውን ነው፤ ሥጋው ነጭ፣ እሾኹ ጥቂት ነው። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ በዚህም ምክንያት በኦሪቱ ሥርዓት የሚሄድ ምእመን አይበላውም። እንግዳ ጋብዛችሁ ከሆነ ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ። የተቆረጠና የተገፈፈ ሥጋ ላይ መለየት ስለሚያስቸግር ዓሣውን ሙሉውን አይታችሁ ግዙ።

ትኩስ ዓሣ ዓይኑ ጥርት ብሎ ወደ ውጭ ያበጠ ነው፤ የሰረጎደና ጉም የለበሰ ዓይን ያደረ ነው። መተንፈሻ ስንጥቡን ግለጡ፦ ደማቅ ቀይ ከሆነ ጥሩ፣ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ተዉት። አንዳንዴ ስንጥቡ ይታጠባል፣ ስለዚህ ጀርባውን በጣት ተጫኑት፤ ሥጋው ወዲያው ከተመለሰ ደህና ነው፣ ጉድጓዱ ከቀረ አይደለም። ከ4 ሰዓት በፊት ግዙ። መረቡ ሌሊት ተጥሎ ጎሕ ሲቀድ ስለሚነሳ ከሰዓት በኋላ የምታገኙት ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ የዋለውን ነው። በሁዳዴ ፈላጊው ስለሚበዛ ዋጋው ይወጣል፣ ያደረውም ከትኩሱ ጋር ይቀላቀላል።

ከስንዝር ያነሰ ቆሮሶ አትግዙ። ቆሮሶ ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳር አሸዋ ቆፍሮ ጎጆ ይሠራል፣ ሴቷ ዕንቁላሉን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ውኃው በድንገት ሲለቀቅ ጎጆው ደረቅ ላይ ይቀራል። ግድቡ የሚያደርስበት ይኼ ጉዳት ሳያንሰው ያልወለደውን በጠባብ መረብ ማውጣት ነገ የሚጠመድ እንዳይኖር ማድረግ ነው። ትንሹን የሚገዛ ከጠፋ መረቡም ይሰፋል።

ለቤት ስትገዙ ሒሳቡን አትርሱ፦ ከሙሉ ቆሮሶ የሚወጣው ፊሌቶ ሲሶ ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ፊሌቶ የፈለገ ሦስት ኪሎ ዓሣ ይገዛል። ሆድ ዕቃውን እዚያው አስወጡና ጉበቱን ጨምሮ አስጥሉት፤ ቅድም ያልኩት መርዝ የሚጠራቀመው በብዛት ጉበቱና አንጀቱ ውስጥ ነው። የሐሞት ከረጢቱ እንዳይቀደድ ቢላው ከፊንጢጣው ወደ ራሱ፣ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ይሂድ። ከተቀደደ ሥጋው ይመራል፣ ወዲያው ማጠብ ነው። ዓሣ ዱለት ስትሉ የምታዙት ከሥጋው የተከተፈውን እንጂ ከሆድ ዕቃው አይደለም፣ ስለዚህ በዚህ የምታጡት ነገር የለም።

ለመውሰጃ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውኃ ሞልታችሁ ከዋዜማው አቀዝቅዙና አራት ወይም አምስት በማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ ይዛችሁ ሂዱ። በዚያ ሙቀት ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ያስፈልጋል። ዓሣው በላስቲክ ታስሮ ከበረዶው ጋር ይደራረብ፤ በሟሟ ውኃ ውስጥ ከተዘፈዘፈ ሥጋው ይላላል። የጠርሙስ በረዶ ጥቅሙ እሱ ነው፣ ሲሟሟ አይፈስም።

እዚያው ለመብላት ከሆነ ወደ ውኃው ከመውረዳችሁ በፊት እዘዙ፣ ሰዓቱንም ንገሩ። ጥብሱ ጥሩ የሚሆነው ዓሣው ከታጠበ በኋላ በደንብ ከደረቀ፣ በሁለቱም ጎን ሦስት ሦስት ቦታ እስከ አጥንቱ ከተተለተለና ዘይቱ በደንብ ከጋለ ነው። እርጥብ ዓሣ ዘይቱን ያቀዘቅዘዋል፣ ቆዳው መጥበሻው ላይ ይቀራል፣ ሥጋው ዘይት ይጠጣል። ራሳችሁ የምትጠብሱ ከሆነ የእንጨት ማማሰያ ጫፍ ዘይቱ ውስጥ አስገቡ፤ ዙሪያውን ፈጠን ያለ አረፋ ካወጣ ደርሷል። 400 ግራም የሚሆን ዓሣ በአንድ ጎን ከ5 እስከ 6 ደቂቃ ይበቃዋል። ከአከርካሪው አጠገብ ያለው ሥጋ ከአጥንቱ በቀላሉ ካልለቀቀ አልበሰለም። ዳጣና ሎሚ ከቤት ያዙ፤ በግማሽ የበሰለ ለብለብ ግን ከዚህ ውኃ ለወጣ ዓሣ አልመርጥም።

ወፎቹ

ፔሊካን፣ አባ ኮዳ፣ ጋጋኖ፣ ሽመላ፣ የግብፅ ዝይና ዓሣ በል ንስር ለማየት ብዙ አትደክሙም። አባ ኮዳው ዓሣ የሚጸዳበትን ቦታ አይለቅም። 8 በ42 መነጽር በቂ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በብርሃኑ ነው፦ ከቆቃ ከተማ በኩል ባለው ምዕራባዊ ዳርቻ ጠዋት ወደ ምሥራቅ ስታዩ ፀሐይዋ ፊት ለፊታችሁ ስለሆነች ወፉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆናል። ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ የሚያሳይ የታጠፈ ዳር ፈልጉ። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ይስተካከላል፣ ግን ነፋሱ ይነሳል፣ ወፉም ይበታተናል። ስለዚህ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ያለውን ለወፍ አውሉት፣ ዓሣውን የሚገዛ አንድ ሰው ይመደብ።

መመለሻ ሰዓትና ወባ

ቆቃ ከባሕር ጠለል በላይ 1,590 ሜትር ገደማ ነው፤ ወባ ያለበት ወይና ደጋ ነው። እዚህም የውኃው ልክ ይገባል፦ ውኃው ቀስ እያለ ሲሸሽ በከብት ኮቴና በጉድጓድ ውስጥ ጥቃቅን ኩሬ ይቀራል፣ የወባ ትንኝ የሚፈለፈለው እዚያ ነው። ለዚህ ነው ለዳርቻው የቀረበ መንደር ከራቀው ይልቅ በወባ የሚጠቃው፣ ውብ የሆነው ጥቅምትና ኅዳርም ወባው የሚበረታበት ወቅት የሆነው። የወባ ትንኝ የምትነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ ቀኑን ውሎ 11 ሰዓት ላይ የተነሳ ሰው አደጋው በጣም ይቀንስለታል። የሚያመሽ ከሆነ ረጅም እጅጌ፣ ሱሪ፣ ካልሲ፣ ገላ ላይም የትንኝ መከላከያ ቅባት። ነፍሰ ጡርና ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ባያመሹ እመርጣለሁ።

ከተመለሳችሁ ከሰባት ቀን በኋላ ባሉት ሳምንታትና ወራት ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት ከመጣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትቆዩ። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የደም ምርመራ ጠይቁ፣ ቆቃ መሄዳችሁንም ንገሩ፤ አዲስ አበባ ላይ ያለ ሐኪም ካልነገራችሁት ወባን መጀመሪያ ላያስብ ይችላል።